ባዶውን የተነሣ ቦቴ

ነገሌ ቦረና
መጋቢት 11 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለብዙወርቅ ገብረአምላክ
ኪየቭ

ብዙዬ፣

ፖስታው ላይ ጽሕፈቴን ስታዪ «ይህ ሰውዬ ደግሞ ዛሬ ምን አስታወሰው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። በዪ፣ መብትሽ ነው። ብቻ ሳትቀጂው አንብቢልኝ። አንድ ዓመት ከሰባት ወር ትንፍሽ ሳይል የከረመ አባት ጤና ቢጠይቅ አያምርበትም፤ ባያምርበትም እጠይቃለሁ። እንደምን አለሽ? ብርዱስ? ያ ጉሮሮሽ አሁንም ብርድ በገባ ቁጥር ያብጣል ወይ? ትኩስ ነገር ትጠጫለሽ?

እኔ ደኅና ነኝ። ጾሙ ሊጋመስ ነው፤ ዝናቡ ገና አልጣለም፤ አቧራው እንደምታውቂው ነው። ደኅና ነኝ የምለው ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ እውነቱን ልንገርሽና ቤቱ ጭር ብሎብኛል። እናትሽ ሐረገወይን ካረፈች ወዲህም ጭር ብሎ ነበር፤ ያንቺ ደብዳቤ ሲቀር ግን ጭርታው ሌላ ሆነ። ሬዲዮኑን ከፍቼ ጓሮ እወጣለሁ። ስመለስ ቤት ውስጥ ሰው የሚያወራ እንዲመስለኝ ነው። እብደት ነው አይደል?

ዓምና በሚያዝያ መጨረሻ በዚሁ ሬዲዮ ስለዚያ የአቶም ኤሌክትሪክ ጣቢያ ቃጠሎ ሲያወሩ «ኪየቭ» የሚል ስም ሰማሁ። ካርታ አውጥቼ ከጣቢያው እስከ አንቺ ያለውን ርቀት በጣቴ ለካሁት። አንድ ጣት እንኳ አይሞላም። ሮጬ ፖስታ ቤት ሄድሁና ሦስት ቴምብር ገዛሁ። ቤቴ ገብቼ ወረቀት ፊቴ አስቀምጬ ተቀመጥሁ፤ አልጻፍሁም። «ትጻፍ እሷ፣ ልጅ ናት» አልሁ። ኋላ የመምህር ጥሩሰው ልጅ፣ እዚያው አንቺ ዘንድ የሚማረው፣ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ «ብዙወርቅም ደኅና ናት» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ጥሩሰውን ለምኜ እሷን መስመር አራት ጊዜ አነበብኋት። ያንቺን ደኅንነት ከሰው ደብዳቤ ላይ ለቀምሁ፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ከዚያ ወዲህ ፖስታ ቤት ሳልሄድ የዋልሁበት ሳምንት የለም። እዚያ የምትሠራው ከሚላ መጀመሪያ ላይ ገና ደጃፉን ሳልረግጥ «ዛሬም የለም ጋሼ» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ቢያሳፍረኝ «ለቴምብር ነው የመጣሁት» አልኋት። ጨዋ ልጅ ናት፤ ከዚያ በኋላ ስታየኝ ዝም ብላ ቴምብር ታወጣለች። ሃያ አንድ ደርሶልኛል። ዛሬ ሦስቱን ለጠፍኋቸው።

የጻፍሁልሽን መቼም አልረሳሽውም፤ እኔም አልረሳሁትም። ነሐሴ 77 ነው። አንቺ ስምንት ገጽ ጽፈሽልኝ ነበር። ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ከመጻፋችሁ በፊት ነገሩን በወረቀት ላይ እንደምትሥሉት ነገርሽኝ፦ ክብ ክብ ሥላችሁ፣ በክቦቹ መካከል በር አድርጋችሁ፣ ክቦቹ ውስጥ ጠጠር እያስቀመጣችሁ። ወደ አንድ በር የሚያመሩት ክቦች ሁሉ ጠጠር ካላቸው በሩ ይከፈትና ጠጠሩ ወዲያ ይሻገራል፤ አንዱ ክብ እንኳ ባዶ ከሆነ በሩ ዝግ ነው። ጓደኞችሽ ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ የሚያሳልፍ ፕሮግራም ጽፈው መቶ ጊዜ ሞከሩት፣ መቶ ጊዜም ሠራ። አንቺ ግን ጠጠርሽን እያንቀሳቀስሽ፣ ሁለቱ ባቡሮች «አንተ እለፍ፣ አንተ እለፍ» ሲባባሉ ቆመው የሚቀሩበትን መቶ አንደኛውን አገኘሽ። ደስታሽ ከወረቀቱ ላይ ይነበብ ነበር። መጨረሻ ላይ እንዲህ አልሽኝ፦ «አባባ፣ እዚህ ካሉት መምህራን እንኳ ግማሾቹ ይህ ሥዕል ጊዜ ከማጥፋት በቀር ምን ይጠቅማል ይሉናል። እርስዎ ዕድሜዎን ከማሽን ጋር የኖሩ ሰው ነዎት። እርስዎ ምን ይላሉ? ልቀጥልበት ወይስ ልተወው?»

ጠይቀሽኝ ነበር እኮ! ከዚህ ሁሉ ፕሮፌሰር መካከል እኔን ጠይቀሽኝ ነበር።

እኔስ ምን አልሁ? «መንግሥት ባሕር ማዶ የላከሽ ገበጣ እንድትጫወቺ ነው ወይ?» አልሁ። «ማሽን አስነሥተው ያዩታል እንጂ ሥለው አያዩትም» አልሁ። «ቁም ነገር እስክትይዢ ድረስ አትጻፊልኝ» ብዬ ፈረምሁ። አንቺም ቃሌን አከበርሽ። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ የተባልሽውን ነው የምታደርጊው፤ ይህን አጉል ጠባይ ከእኔ ነው የወረስሽው።

እንግዲህ ይህ ደብዳቤ «ምን ይጠቅማል» ላልሽኝ መልስ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በዪኝ፤ እውነትሽን ነው።

ከከተማው አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ላይ አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፓምፕ ገባለት፤ ውኃውን ወደ ከተማ የሚያመላልስ አንድ ቦቴም ተመደበለት፤ ኃላፊው እኔ ሆንሁ። በዚህ ከተማ የፓምፕ ነገር ወታደሩን ምን እንዳስደረገው በስድሳ ስድስት አይተናል፤ እሱን በደብዳቤ አልጽፈውም። ብቻ ጠብ እንዳይነሣ ብዬ ደንብ አወጣሁ። ሦስት አንቀጽ ናት። ናፍጣው ከሁለት በርሜል ካነሰ ፓምፑ አይነሣም፤ ሁለቱ በርሜል ለጤና ጣቢያው ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው። ከብቱን እያጠጣ ያለ ሰው ተራውን ሳይጨርስ ለቦቴው ውኃ አይቀዳም፤ ይህን ያስገባሁት ጃተኒ ስለ ጠየቀኝ ነው። ጃተኒ በዱብሉቅ ጉድጓዶች ብዙ ዘመን የተራ አባት፣ እነሱ አባ ሄሬጋ የሚሉት፣ ሆኖ የኖረ፣ አሁን የዚህን ጉድጓድ ተራ የሚመራ ሽማግሌ ነው፤ ተራ የጀመረ ሰው ሳይጨርስ እንደማይነካ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሦስተኛው፣ ቦቴው ውኃ ሳይሞላ ከጉድጓዱ ንቅንቅ አይልም፤ ባዶ መኪና መንዳት የሕዝብ ናፍጣ ማባከን ነውና። ቦቴው ውኃውን ከተማ አራግፎ ሲመለስ ለፓምፑ ናፍጣ በበርሜል ይዞ ይመጣል።

አንቺ እዚህ ላይ ስትደርሺ ገብቶሻል። እኔ እንዲገባኝ አሥራ አንድ ጥጃ አስፈልጎኛል።

ሠላሳ ቀን ሞከርሁት። ሠላሳ ቀን ሙሉ ሰዓት ይመስል ሄደ። «ይኸው! ማሽን አስነሥተው ነው የሚያዩት» አልሁ ለራሴ፤ አንቺን እያሰብሁ ነው እንዲያ ያልሁት። ደንቡን ማኅተም መትቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁት። ኦፕሬተሩን ተክሉን «አንዲት ቃል ብትዘል ወዮልህ» አልሁት። የቦቴው ሹፌር ራሺድ ቀደም ብሎ ባዶ መኪና ሲነዳ ተይዞ ቀበሌ ሦስት ቀን አድሯል፤ ያስያዝሁትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ሁሉም ደንቡን እንደ ዳዊት ያውቁታል።

በየካቲት፣ ድርቁ በጠናበት ሳምንት፣ ለስብሰባ ክብረ መንግሥት ተጠራሁ። በአምስተኛው ቀን ተመልሼ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ወጣሁ። ቦቴው ከግራሩ ሥር ቆሟል፤ ራሺድ ጥላው ውስጥ ሽርጡን አንጥፎ ተጋድሟል። ተክሉ የፓምፑ ቤት ደጃፍ ላይ ቁልፉን ይዞ ተቀምጧል። ጃተኒ ገንዳው ራስ ላይ በትሩን ተደግፎ ቆሟል። የሚጣላ የለም፣ የሚጮህ የለም።

«አካም፣ ናጋ?» አልሁት ጃተኒን።

«ናጋ» አለኝ። ሰላም ነው አለኝ ልጄ፤ ከጀርባው ጥጆች ተዘርረዋል።

ወደ ፓምፑ ቤት ዞርሁ። «ተክሉ! ፓምፑ ለምን አልተነሣም?»

«ናፍጣው ከሁለት በርሜል ዝቅ አለ ጋሼ። ደንቡ አይፈቅድም።»

«ራሺድ! ናፍጣ ለምን አላመጣህም?»

«ውኃ ሳልሞላ? ደግሞ ቀበሌ ሊያሳድሩኝ ነው?»

«ጃተኒ፣ ለቦቴው እንዲቀዳለት ለምን ተራውን አልለቀቃችሁም?»

ሽማግሌው አየኝና «ብንለቅስ ውኃው የት አለ?» አለኝ። «ተራ የጀመረ ሰው ሳይጨርስ አይነካም። ያንተ ወረቀት ራሱ እንዲያ ይላል፤ ተክሉ አንብቦልናል።»

ከተማ ሰው ልከው ነበር። ቢሮው «ኃላፊው እስኪመጣ ጠብቁ» ብሎ መለሳቸው። ኃላፊው እኔ ነኛ! ሌሎቹ ባለ ከብቶች በሁለተኛው ቀን ወደ ሩቅ ጉድጓድ ተነሡ። የቀረችው ተራዋን ጀምራ የነበረችው መሱዳ ናት። ታስታውሻታለሽ፤ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ወተት በኩባያ ይዛ መንገድ ላይ ትጠብቅሽ የነበረችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያሏት እነዚያ ከብቶች ናቸው። ላሞቹ ጠጥተው ጥጆቹ ብቻ ሲቀሩ ነው ናፍጣው ከልኩ በታች የወረደው። «ነገ ይነሣል፣ ነገ ይነሣል» እያለች ተቀመጠች። ጥጃ ደግሞ ነገን አይጠብቅም።

ቁልፉን ከተክሉ እጅ ነጥቄ ፓምፑን አስነሣሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ውኃው ገንዳው ውስጥ ተንደቀደቀ። ሁለት በርሜል ሊሞላ ትንሽ የጎደለው ናፍጣ አጠገባቸው ቆሞ፣ ውኃው ከእግራቸው ሥር ሆኖ ነው እንስሳቱ ያለቁት። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኙንም ወረቀቱንም ሆኜ ተገኘሁ።

ቤቴ ገብቼ የማን ጥፋት እንደሆነ ልጽፍ ተቀመጥሁ። በተክሉ ጀመርሁ፤ ተክሉ ደንቡን ጠብቋል። በራሺድ ጀመርሁ፤ እሱም ጠብቋል። ጃተኒም ጠብቋል። አንቀጾቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ቅን ነው። ሰው ሁሉ ልክ ሆኖ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል? ይህን ጊዜ ነው ያንቺ ሁለቱ ባቡሮች ትዝ ያሉኝ።

ደብዳቤሽን ከእናትሽ ሣጥን አወጣሁት። አልቀደድሁትም ነበር፤ እንዲህ ተቆጥቼ እንኳ አልቀደድሁትም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጓሮ ወጥቼ መሬቱን ጠረግሁና እንዳስተማርሽኝ ክብ ክብ ሣልሁ። አንድ ክብ ለናፍጣው፣ አንድ ለፓምፑ፣ አንድ ለገንዳው፣ አንድ ለቦቴው። ጠጠር ለቀምሁ። መጀመሪያ ተሳስቼ ቦቴውን ከሁለት ቦታ አቆምሁት፤ አስተካከልሁ። ከዚያ እያንዳንዱን በር «ይከፈታል? አይከፈትም?» እያልሁ ሄድሁ። በሰባተኛው እርምጃ ጠጠሮቹ ቀጥ አሉ። ቦቴው ውኃ ይጠብቃል፣ ውኃው ፓምፕ ይጠብቃል፣ ፓምፑ ናፍጣ ይጠብቃል፣ ናፍጣው ቦቴውን ይጠብቃል። አንድም የሚከፈት በር የለም። ጃተኒ፣ ተክሉና ራሺድ ጓሮዬ ውስጥ እንዳየኋቸው ቆመዋል።

ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም ብዙዬ። ሠላሳ ቀን ሞክሬ ያላየሁት ነገር ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ያ ሠላሳ ቀንም ደንቡ ሠርቶ አልነበረም፤ ቦቴው ናፍጣው ሳያንስ እየቀደመ ይወጣ ነበር። ዕድል ነው የሠራው።

ወዲያው «በቃ፣ ሁለቱን በርሜል አንድ በርሜል አደርገዋለሁ» አልሁ። የድሮው ገብረአምላክ ቢሆን ይህችኑ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ይለጥፍ ነበር። በጠጠር አስኬድኋት። ዘጠነኛው እርምጃ ላይ ያው ቆመ። እዚያ ጓሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከሳምንታት በኋላ መሳቄ ነው። ተሳሳትሁ፣ ግን ማንም አልተጠማም! ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ አይደል? የሚሄደውን ያገኘሁት ሦስተኛው ላይ ነው፦ ናፍጣው ሦስት በርሜል ላይ ሲደርስ ቦቴው ይሞላም አይሙላም ይነሣል፣ ባዶውንም ቢሆን ናፍጣ ሊያመጣ ይሄዳል።

በማግሥቱ ጉድጓዱ ዘንድ ሄጄ ለጃተኒ መሬት ላይ ሣልሁለት። ጠጠሮቹን ሳንቀሳቅስ ጎንበስ ብሎ አየ። ለማስረዳት አፌን ስከፍት በበትሩ ከለከለኝ። «ገብቶኛል። እኛስ ተራ ስንመድብ ከብቱ ሳይነሣ አይደል እንዴ በአፋችን የምናስኬደው? እገሌ ቢዘገይ፣ የእገሌ ከብት ቢበዛ እያልን። ይህን ማን አስተማረህ?»

«ልጄ» አልሁት። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ካወጣሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

አንዱን ክብ በበትሩ ጫፍ ነካ አደረገና «ቦቴው መንገድ ላይ ቢሰበርስ? እሱን አልሣልኸውም» አለኝ። እውነትም አልሣልሁትም! አንድ ክብ ጨመርን፤ ቦቴው በሁለት ቀን ካልተመለሰ መጠባበቂያው በተራ አባቱ ቃል እንዲከፈት አደረግን። ይህን ለፈታኞችሽ ንገሪልኝ፦ ሥዕሉ የሚያሳየው የሣሉትን ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ብቻውን መሣል የለበትም፤ ነገሩን የኖረበትን ሰው አጠገቡ ማስቀመጥ አለበት።

መሱዳም መጥታ ከበላያችን ቆማ ነበር። ሁሉንም አየችና በእጄ የያዝሁትን ደብዳቤሽን ጠየቀችኝ። «ይህ ወረቀት መቼ መጣ?»

«ካቻምና።»

«እንግዲያ ከጥጆቼ በፊት ነው የመጣው» አለች። ዞር ብላ ወደ ላሞቿ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሪፖርቱን ጽፌ አስገባሁ፤ ጥፋቱ የደንብ አውጪው ነው ብዬ። ተክሉንም ራሺድንም አላነሣሁ። አዲሱን ደንብ የፈረመው ተክሉ ነው፤ ቁልፉም አሁን እሱ ዘንድ ነው። እኔ ለጊዜው ቤት ነኝ፤ ዕረፍት አላገኘሁም ነበርና ጥሩ ነው፣ አታስቢ። ብቻ ስትጽፊልኝ በመሥሪያ ቤቱ ሣጥን አታድርጊው፤ ይህንም የመንግሥት ቤት እስከ ሰኔ እንጂ ከዚያ ወዲያ አልይዘውም። «በከሚላ በኩል» በይው፣ ይደርሰኛል።

ስትጽፊልኝ አልሁ። እስቲ ድፍረቴን እዪው።

ጊዜ ስለ ተረፈኝ ትናንት ሌላ ሥዕል ሣልሁ። ደንቦቹ ሁለት ብቻ ናቸው። አባት ልጁ ቀድማ ካልጻፈች አይጽፍም። ልጅ አባቷ «ጻፊ» ካላላት አትጽፍም። ሁለት ክብ፣ ሁለት በር፣ ጠጠር የለም። ማስኬድ እንኳ አላስፈለገኝም። የሚጣላ የለም፣ የሚጮህ የለም። ሰው ሲጠይቀኝም «ብዙወርቅ? ሰላም ናት» እላለሁ። ናጋ!

ያንን «አትጻፊልኝ» ያልሁትን ደንብ ዛሬ በገዛ እጄ ሻርሁት። ውኃ አልያዝሁም ብዙዬ፤ የምሰጥሽ፣ የምክስሽ ነገር የለኝም። ባዶዬን ነው የተነሣሁት። አንዱ መነሣት ነበረበትና ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ እኔ ተነሣሁ። ይቅር በዪኝ።

ጥያቄሽንም ልመልስ፦ ቀጥዪበት። ብቆጥረው በዚህ ሰኔ የመመረቂያ ሥራሽን የምታቀርቢ ይመስለኛል። «ይህ ነገር ምን ይጠቅማል?» ብለው ሲጠይቁሽ፣ አሥራ አንድ ጥጃ በያቸው። አባቴ ነግሮኛል በያቸው።

የእናትሽ ጸሎት ከፊትሽ ይቅደም። ጉሮሮሽን ብርድ አይንካው፤ እጅሽ የያዘው ይቃናልሽ፤ በሰው አገር የሚያስጠጋሽ ደግ ሰው አትጪ። መልስ ለመጻፍ ሆድሽ እንቢ ካለሽ አልፈርድብሽም። አንድ ክብ ብቻ ሥዪና መካከሉ ላይ አንዲት ነጥብ አድርጊበት። ይገባኛል።

አባትሽ
ገብረአምላክ

አሥራ ስምንት ቴምብር ቀርቶኛል።